ጠመንጃ ስትዋስ፣ ጠመንጃ ስታውስ፦ ከኮሎራዶ ለወንድሜ

ውድ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እማዬና አባዬስ እንዴት ናቸው? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዴንቨር መብረድ ጀምሯል። ሥራ አለ፣ ጤና አለ፣ ሌላው ይደርሳል።

የላክህልኝን የድምፅ መልእክት ደጋግሜ ሰማሁት። «አያ፣ አሜሪካ ድረስ ሄደህ ተኩስ ትማራለህ አሉኝ፣ እውነት ነው?» ብለህ ስቀሃል። መጨረሻ ላይ ደግሞ እንደ ዋዛ ያለፍካት ነገር አለች። ጓደኞችህ ለጥር ሰርግ የአባዬን ጠመንጃ ሊዋሱህ ጠይቀውሃል፣ አንተም ይሉኝታ ይዞህ እሺ ልትል ነው። ሳቅህን ወደድኩት። ይቺኛዋ ግን እንቅልፍ ነስታኛለች፣ ስለዚህ ደብዳቤው ቢረዝምም ታግሠህ አንብበው።

አዎ፣ እውነት ነው፣ እተኩሳለሁ። ከከተማ ወጣ ብሎ የተኩስ መለማመጃ ሜዳ አለ፣ እዚህ ያለን አበሾች ሬንጅ እንለዋለን። ከፊት ለፊት ትልቅ የአፈር ቁልል አለ፣ ጥይቱን የሚውጠው እሱ ነው። ተኳሾች በአንድ መስመር ይሰለፋሉ፣ ለየአንዳንዱ ጠረጴዛ አለው፣ አፈሙዝ ሁልጊዜ ወደ ቁልሉ ነው። የሜዳው ኃላፊ «ተኩስ አቁም» ሲል ሁሉም ካዝናውን ያወጣል፣ ማቀባበያውን ወደ ኋላ ስቦ ክፍቱን ይተዋል፣ ጥይት የሚጎርስበት ላይ ብርቱካንማ ፕላስቲክ ይሰካል፣ ከዚያ ከጠረጴዛው ይርቃል። ሰው ዒላማውን ሊቀይር ወደ ፊት ከሄደ የራስህንም ጠመንጃ መንካት ክልክል ነው። ማጽዳት የለ፣ ጥይት መሙላት የለ፣ ማነጣጠር የለ። አደጋ ያየ ሰው ደግሞ ኃላፊ እስኪመጣ አይጠብቅም። ማንም ይሁን ማን፣ «ተኩስ አቁም» ብሎ ከጮኸ መስመሩ በሙሉ ያቆማል።

እኔን የገረመኝ ግን ተኩሱ ሳይሆን መሣሪያ የሚዋዋሱበት መንገድ ነው። አጠገብህ የቆመ የማታውቀው ሰው «ሞክረው እስቲ» ይልሃል። አንተ ግን «ልሞክረው» ብለህ አትጠይቅም። ጠመንጃውን ማድነቅ ትችላለህ፣ ስሪቱን መጠየቅ ትችላለህ፣ የሚጋብዝህ ግን ባለቤቱ ነው። በሰው ጠረጴዛ ላይ ያለን ነገር ማንሳት እዚህ ትልቅ ነውር ነው።

አንድ ቅዳሜ ከጎኔ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ መጡና አሮጌ ጠመንጃ ከሻንጣው አወጡ። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። በልጅግ ነው! ከላዩ ላይ ሞዓ አንበሳ ተቀርጾበታል። ቤልጅየም ውስጥ ኤፍ ኤን የሚባለው ፋብሪካ ለጃንሆይ መንግሥት የሠራው ማውዘር ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከአገራችን የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች እዚህ ለሰብሳቢዎች ተሸጠዋል፣ እሳቸውም በዚያ መንገድ ነው ያገኙት። «ይሄ እኮ የአገሬ ጠመንጃ ነው» አልኳቸው። እጄን ግን አልዘረጋሁም። ደስ አላቸውና «ና ተኩስበት» አሉኝ።

አሰጣጣቸውን ልንገርህ። አፈሙዙን ወደ አፈሩ እንዳዞሩ ማቀባበያውን ወደ ኋላ ሳቡ። ውስጡን አዩ። ማየቱ አልበቃቸውም፣ ትንሿን ጣታቸውን ከተው ጥይት የሚጎርስበትን ዳሰሱ። ከዚያ ለእኔ አሳዩኝ። ባዶ መሆኑን ካየሁ በኋላም በእጄ አላስያዙኝም፣ ክፍቱን ጠረጴዛው ላይ አስተኙትና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ስኒ እንደሚቀባበሉ ከእጅ ወደ እጅ አይሰጣጡም። እኔም አነሳሁት፣ እንደገና አየሁ፣ እንደገና ዳሰስኩ፣ ያውም እሳቸው እያዩኝ። አገር ቤት ቢሆን «ምነው፣ አላመንከኝም?» ያስብላል። እሳቸው ግን ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ሳላይ ባነሳው ኖሮ ነበር የሚቀየሙኝ።

ወንድሜ፣ ልነግርህ የፈለግኩት ዋናው ነገር ይሄ ነው። ጠመንጃ ባለበት ቦታ ይሉኝታ አይግባ። ታላቅህ ቢሰጥህ፣ ቄስ ቢሰጥህ፣ አባዬ ራሳቸው ቢሰጡህ ከፍተህ እይ። ለሰውም ስታቀብል «ባዶ ነው» አትበል፣ ከፍተህ አሳይ። እኛ ሰፈር ልቅሶ ቤት ተቀምጠን «ባዶ መስሎት ነው እኮ» ሲባል ስንቴ ሰምተናል? ጄፍ ኩፐር የሚባል የቀድሞ የማሪን መኮንን ነበር፣ በ1976 አሪዞና ውስጥ የተኩስ ትምህርት ቤት የከፈተ ሰው ነው (ዓመቶቹን በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ)። እሱ ያስተማራቸውን አራት ሕጎች እዚህ ተኳሽ ሁሉ በቃሉ ይወጣቸዋል። የመጀመሪያው፣ ጠመንጃ ሁሉ ሁልጊዜ እንደ ጎረሰ ቁጠረው ይላል። ሌሎቹም ከዚሁ የሚከተሉ ናቸው፦ ልታጠፋው ወደማትፈልገው ነገር አፈሙዝ አታዙር፣ ዒላማህ ላይ ሳታነጣጥር ጣትህን ምላጩ ላይ አታድርግ፣ ዒላማህንና ከጀርባው ያለውን እወቅ።

ሁለተኛው ነገር፣ ለማን ነው የምትሰጠው? እዚህ ሳይጠይቁ አይሰጡም። የአጎታችን ልጅ ለጉብኝት የመጣ ጊዜ ሬንጅ ወስጄው ነበር፣ አንድ ጥይት ብቻ ልተኩስ ብሎ ለመነኝ። እምቢ አልኩት። በጉብኝት ቪዛ የገባ ሰው፣ እንደ አደን ፈቃድ ያለ ነገር ከሌለው በቀር፣ በፌዴራል ሕግ ጠመንጃም ጥይትም መያዝ አይችልም። ለአንዲት ደቂቃም ቢሆን መያዝ መያዝ ነው። እያወቀ የሰጠውም ሰው ይጠየቃል። እኔ ግሪን ካርድ ስላለኝ እችላለሁ፣ ግን በጠመንጃ ወንጀል ከተፈረደብኝ ከአገር ልባረር እችላለሁ። ልጁ ቅር አለው፣ እስከ ማታ ብዙም አላወራኝም። ይቀየመኝ። በኋላ ሕጉን ሌላ ሰው ሲያስረዳው ራሱ ደውሎ አመሰገነኝ።

ኮሎራዶ ውስጥ ከ2013 ጀምሮ፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ ጠመንጃ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ የተቀባዩ ማንነት በመንግሥት ይጣራል። ተኩስ ሜዳ ላይ ለመሞከር ያህል መቀባበል ይፈቀዳል። ወደ ቤቱ ይዞ ለሚሄድ ሰው ግን ሳይጣራ ማዋስ የሚቻለው እስከ 72 ሰዓት ድረስ ነው። በዚያ ጊዜ ተዋሹ ሕገወጥ ነገር ሠርቶበት ጉዳት ካደረሰ፣ አዋሹም አብሮ ካሳ ሊከፍል ይችላል። አየህ፣ ጠመንጃው ከእጅህ ወጣ ማለት ኃላፊነቱ ከትከሻህ ወረደ ማለት አይደለም። እኛም አገር ቢሆን በጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 (ይሄኛው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) ፈቃዱ የሚሰጠው ለሰውየው ነው። የአባዬ ጠመንጃ በስማቸው ነው የተመዘገበው። ሰርግ ላይ አንድ ነገር ቢፈጠር መጀመሪያ የሚጠሩት የጓደኞችህ አባቶች አይደሉም፣ አባዬ ናቸው።

ለጀማሪ ሰው ሲያውሱ ደግሞ እንዲህ ያደርጋሉ፣ ይሄን በጣም ወድጄዋለሁ። መጀመሪያ ያለ ጥይት አያያዙን ያሳዩታል። ከዚያ አንዲት ጥይት ብቻ ያጎርሱለታል። አንዲት! በተለይ ሽጉጥ ከሆነ። ምክንያቱም አዲስ ሰው የመጀመሪያዋን ከተኮሰ በኋላ ይደነግጣል ወይም ደስ ይለዋል፣ «አያችሁልኝ?» ብሎ ጣቱ ምላጩ ላይ እንዳለ ወደ ሰዉ ይዞራል። ሁለተኛ ጥይት ውስጡ ከሌለ የሚጎዳ ሰው የለም። አዋሹም ከጀርባው በስተጎን፣ እጁ በሚደርስበት ርቀት ይቆማል። በ2014 አሪዞና ውስጥ አንዲት የ9 ዓመት ልጅ ኡዚ የሚባለውን አውቶማቲክ መሣሪያ ይዛ፣ በተርታ ሲተኮስ አፈሙዙ ወደ ላይ ዘለለባትና አጠገቧ የቆመው አስተማሪዋ ሞተ። ልጅቷ ምን አጠፋች? ትልቅ ሰው ነው የሰጣት።

ጥይትን በተመለከተ፣ የተዋሰ ሰው የተኮሰውን ይተካል ወይም የራሱን ይዞ ይመጣል። ግን ይዞ የመጣውን ዝም ብሎ አያጎርስም፣ ባለቤቱን ያሳያል። 300 ብላክአውት የሚባል ጥይት አለ፣ 5.56 የሚባለውን ቀጭን ጥይት በሚተኩስ ጠመንጃ ካዝና ውስጥ ልክ ይገባል፣ እርሳሱ ግን ለበርሜሉ ይወፍራል። ያ ጥይት በዚያ ጠመንጃ ከጎረሰና ምላጭ ከተሳበ ጠመንጃው ፊትህ ላይ ይፈነዳል። ሰው በቤቱ ራሱ ባሩድ የሞላበትንም ጥይት በሌላ ሰው ጠመንጃ አይተኩሱም። ቀለሁን ለቅመው ለባለቤቱ ይመልሳሉ፣ ብዙዎቹ መልሰው ስለሚሞሉት። የሰው ማነጣጠሪያ አያስተካክሉም። ያለ ጥይት ምላጭ እየሳቡ ቀጭ ቀጭ አያደርጉም። ምላጭ ስበህ ካልተኮሰልህ አፈሙዙን ወደ አፈሩ እንዳዞርክ ሠላሳ ሰከንድ ያህል ትጠብቃለህ፣ ጥይቱ ዘግይቶ ሊተኮስ ይችላልና። ከዚያ ባለቤቱን ትጠራለህ፣ ራስህ አትነካካውም። በልጅጉን ስተኩስ ሽማግሌው አስቀድመው የነገሩኝ ይሄንኑ ነው፣ ጥይቱ አሮጌ ነበርና። እንደ አጋጣሚ ሁሉም በደንብ ተኮሱ። ትከሻዬን ግን ለሦስት ቀን አሞኝ ነበር፣ የድሮ አርበኛ እንዴት እንደቻለው እንጃ!

አንድ ነገር ለእማዬም ንገርልኝ፣ እሳቸው ስለ ጽዳት ሲሆን ይሰሙሃል። ባሩዱና እርሳሱ እጅ ላይ ይቀራል። እርሳስ ደግሞ መርዝ ነው፣ በተለይ ለሕፃናት። እዚህ ሰዉ ሳንድዊች ከመንካቱ በፊት በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና ይታጠባል፣ ልብሱን ቀይሮ ነው ልጆቹን የሚያቅፈው። እኛ በእጃችን የምንጎርስ ሰዎች፣ ጉርሻም የምንሰጣጥ፣ የበለጠ ልንጠነቀቅ ይገባል። አባዬ ጠመንጃቸውን ከወለወሉ በኋላ በሳሙና ሳይታጠቡ ገበታ እንዳይቀርቡ።

እምቢ ማለትንም ከእነዚህ ሰዎች ተማር። እዚህ የጠጣ ሰው መስመሩ ላይ አይቆምም፣ ጓደኛህም ቢሆን። የተናደደ፣ የከፋው፣ ሐሳብ የገባው የመሰላቸውን ሰው «ዛሬ ይቅር» ይሉታል። በ2013 ቴክሳስ ውስጥ ክሪስ ካይል የሚባል ስመ ጥር አልሞ ተኳሽ፣ አእምሮው የታወከ የቀድሞ ወታደር ልርዳው ብሎ ተኩስ ሜዳ ወሰደው። እሱም አብሮት የነበረው ጓደኛውም እዚያው ሜዳ ላይ በዚያው ሰው ጥይት ሞቱ። ያን ያህል ጠመንጃ የሚያውቅ ሰው! ደግ ልብ ነው የወሰደው። ደግነት ብቻውን ግን አልበቃም።

አሁን ወደ ሰርጉ። ጠላ አለ፣ አረቄ አለ፣ ሽለላ አለ፣ ሕፃናት በየእግሩ ሥር ይሯሯጣሉ። የአፈር ቁልል የለም፣ ተኩስ አቁም የሚል ኃላፊ የለም። ወደ ሰማይ የተተኮሰች ጥይት ደግሞ ሰማይ ላይ አትቀርም፣ የሆነ ቦታ፣ የሆነ ሰው ላይ ትወርዳለች። ጠመንጃው ከአንተ ወደ ጓደኛህ፣ ከጓደኛህ ወደ ሚዜው፣ ከሚዜው ወደ የማታውቀው ጎረምሳ ይሄዳል፣ ማን እንዳጎረሰው፣ ማን እንደተኮሰበት ማንም አያውቅም። ስለዚህ አታውሳቸው። ለአባዬም ሳትደብቅ ንገራቸው፣ ተቆልፎ ይቀመጥ፣ ጥይቱ ለብቻው፣ ቁልፉ እሳቸው ዘንድ።

ጓደኞችህ እንደሚያኮርፉ አውቃለሁ። «ወንድሜ ከአሜሪካ ሆኖ ከለከለኝ» በላቸው፣ በእኔ አሳብብ፣ እኔ ልጠላ። ለሙሽራው ስጦታ የሚሆን ትንሽ ገንዘብ በዚህ ሳምንት እልክልሃለሁ፣ ጥሩ ጋቢ ግዛለት። ደብዳቤውን አንብበህ ስትጨርስ ለአባዬ ጮክ ብለህ አንብብላቸው፣ ምን እንዳሉም በድምፅ ላክልኝ። ለእማዬ እግራቸውን ሳምልኝ፣ ለጎረቤቱ ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወንድምህ፣
ከዴንቨር፣ ኮሎራዶ