«ኮምቦልቻ ፓርክ ውስጥ ሰው አለኝ» ለሚላችሁ ብር አትላኩ

ይድረስ ለአዘጋጁ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ደሴ ፒያሳ አካባቢ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሥራ የምሠራ አንባቢያችሁ ነኝ። ሲቪ እጽፋለሁ፣ ዲግሪና ስምንተኛ ክፍል ካርድ ስካን አደርጋለሁ፣ ማመልከቻ እተይባለሁ። ስለዚህ ሥራ ፈላጊ የሌለበት ቀን የለኝም ማለት ይቻላል። ስለ ወጣቱ ሥራ ማጣት ደጋግማችሁ ትጽፋላችሁ፣ ጥሩ ነው። ሥራ በሚፈልገው ልጅ ላይ ስለሚነግደው ሰው ግን እምብዛም ስላላነበብኩ እሱን ልጻፍላችሁ ብዬ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንተማመን። የሚጭበረበሩት ልጆች ሞኞች አይደሉም። ከነሱ ውስጥ ከዩኒቨርሲቲ በጥሩ ውጤት የወጣ አለ፣ ኮምፒውተር ከኔ በላይ የሚያውቅ አለ። «እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ታምናለህ?» እያልን የምንሳለቅባቸው ነገር ይበቃል። ልጁ የሚያምነው ነገሩ ከሚያውቀው ጋር ስለሚመሳሰልበት ነው። ሥራ የሚገኘው በዘመድ ነው ሲባል እየሰማ ነው ያደገው፤ ጎረቤቱ ተፈትኖ አልፎ «ሰው ስላልነበረኝ ቀረሁ» ሲል ሰምቷል፣ እውነት ይሁን አይሁን ሌላ ጉዳይ ነው። እንግዲህ አንዱ ደውሎ «ወንድሜ፣ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የሰው ኃይል ክፍል ሰው አለኝ፣ ለሻይ የምትሆን ትንሽ ነገር ካለች ስምህን ዝርዝሩ ውስጥ አስገባለሁ» ቢለው ለምን ይደነግጣል? እንዲያውም በስተመጨረሻ እኔም ሰው አገኘሁ ብሎ ነው ደስ የሚለው።

ይሄ ለአጭበርባሪው ሁለት ጊዜ ይጠቅመዋል። አንደኛ ብሩን ሲጠይቅ አያስነውረውም። ሁለተኛ ልጁ ተበልቶ ሲያበቃ ዝም ይላል። ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ «ጉቦ ሰጥቼ ሥራው ቀረብኝ» የሚል ማን አለ? ለእናቱም አይነግርም። የከሰረውን ከጓደኛ ተበድሮ ይሸፍናል፤ አጭበርባሪውም በዚያው ስልክ ቁጥር በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ልጅ ጋ ይደውላል።

ለምን ኮምቦልቻ በዛ ትሉኝ ይሆናል። ከደሴ ሐረጎን ወርዶ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጠዋት በሚኒባስ ሄዶ ማታ ይመለሱበታል። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ቆዳው፣ ብረታ ብረቱ ዱሮም ለወሎ ልጅ የእንጀራ ተስፋ ነበር። ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲመረቅ ደግሞ ተስፋው እጥፍ ሆነ። ከዚያ ጦርነቱ ደርሶ 2014 ላይ ፓርኩም ከተማውም ተጎዳ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ አሜሪካ አጎዋ በሚባለው የንግድ ሕጓ የሰጠችውን ከቀረጥ ነፃ ገበያ አቋረጠች። የተሰፋው ልብስ ገዢው ሲርቅ የሚፈለገው ሠራተኛም አነሰ። የሥራ ፈላጊው ቁጥር ግን አላነሰም። የፓርኩን ስም ሁሉም ሰው ያውቀዋል፣ አጥሩን አልፎ ውስጥ ማን ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ለአጭበርባሪ ከዚህ የተመቸ ነገር የለም።

እኔ ጋ የሚመጣው ወረቀቱ ነው። ልጆቹ በቴሌግራም የተላከላቸውን «የቅጥር ደብዳቤ» እንዳትምላቸው ይዘው ይመጣሉ። አንድ ጊዜ ከሐይቅ ከተማ በኩል የመጡ እናት ስልካቸውን ዘርግተው «አንብብልኝ እስቲ ልጄ፣ ልጅቱ ገባችልኝ» አሉኝ። ፊታቸው በርቷል። ደብዳቤው አርማ አለው፣ ክብ ማህተም አለው፣ ፊርማ አለው። ቀኑን ሳይ ጥቅምት 31 ይላል። በኛ አቆጣጠር 31 የሚባል ቀን ከመቼ ወዲህ ነው የመጣው? ማህተሙን አጉልቼ ሳየው ደግሞ ጠርዙ ነጭ ካሬ ሆኖ ተቆርጦ የተለጠፈ ነው፤ ቀለሙ ፊርማው ላይ አላረፈም። ለእናትየው እንዴት እንደምነግራቸው ጨነቀኝ። ስነግራቸው «ታዲያ ብሩን የተቀበለን ልጅ እኮ ወላሂ ብሎ ነው» አሉኝ። ደወልንለት፣ ስልኩ ዝግ ነው።

እንዲህ ዓይነት ስህተት ሁልጊዜ አይገኝም፣ በሱ አትመኩ። አሁን አሁን በጣም አሳምረው ነው የሚሠሩት። በኢንተርኔት የሚሰጠውን ምክር እንዳለ መውሰድም እኛ አገር አያዋጣም። ለምሳሌ «የድርጅቱ ኢሜይል ጂሜይል ከሆነ ሐሰተኛ ነው» ይላሉ። እዚህ ስንት ደህና ድርጅት በጂሜይል ይሠራል! «በግል ሞባይል ከተደወለ አትመኑ» ይላሉ። የፋብሪካው ሠራተኛ ቀጣሪ ራሱ በግል ስልኩ ይደውላል። «ድረ ገጹን ተመልከቱ» ይላሉ፣ ማስታወቂያው እኮ በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት ነው። በዚህ ሁሉ ብትለዩ እውነተኛውንም ጥላችሁት ትሄዳላችሁ።

እኔ እንዳየሁት የሚለየው የብሩ መንገድ ነው። ደብዳቤው ቢያምርም ባያምርም የሆነ ቦታ ላይ ብር ይጠየቃል። መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ሰው አይከራከርም፦ ለመመዝገቢያ፣ ለባጅ፣ ለደንብ ልብስ፣ ለጤና ምርመራ፣ «ከደመወዝህ ላይ የሚመለስ» ተቀማጭ። አንዱን ስትከፍሉ ሌላው ይከተላል። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝን ሲተረጉም በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ከሠራተኛው ክፍያ ሳይቀበል የሚሠራ ነው ይላል። ፈቃድ ያለው አገናኝ እንኳ ከእናንተ ኪስ አይወስድም ማለት ነው። ታዲያ ፈቃድም ቢሮም የሌለው፣ በስልክ ብቻ የሚታወቅ ሰው በምን ሒሳብ ይቀበላል?

ላኩ ስትባሉ ደግሞ አንድ ነገር አድርጉ። በቴሌብርም ሆነ በባንክ ስትልኩ ከማረጋገጣችሁ በፊት የተቀባዩ ስም ይወጣል። ቸኩላችሁ አትለፉት፣ አንብቡት። አክሲዮን ማኅበር ነኝ ያለው ድርጅት የአንድ ግለሰብ ስም ይዞ ከመጣ፣ ምንም ማብራሪያ ቢሰጥ፣ «የሒሳብ ሠራተኛችን ነው» ቢልም፣ እዚያው አቁሙ። ብሩ ከእጃችሁ ከመውጣቱ በፊት እውነቱ የሚታይበት ቦታ ይቺ ብቻ ናት።

ብር ያልጠየቀ ሁሉ ደህና ነው እያልኩ ግን አይደለም። አንዳንዱ ብር ሳይሆን ሌላ ነገር ነው የሚፈልገው። «ለምዝገባ በስልክህ የሚገባውን ቁጥር ላክልኝ» ይላል። ያ ቁጥር የቴሌግራም መክፈቻ ነው። ከላካችሁለት በሰከንድ ውስጥ የናንተን አካውንት ይዞ ለአክስታችሁ «ቸግሮኛል፣ ትንሽ ብር ላኪልኝ» ብሎ ይጽፋል። አክስታችሁም ትልካለች፣ የናንተ ፎቶ ነዋ ያለው። የፋይዳ ቁጥርና የመታወቂያ ፎቶ ከፊትና ከኋላ፣ የባንክ ሒሳብ ደብተር፣ የሚስጥር ቁጥር ገና ሳትቀጠሩ የሚጠይቃችሁ ካለም ያው ነው። ዋናውን የትምህርት ማስረጃ ሰጥቶ መምጣትማ አይታሰብም። ኮፒውን ስጡ፣ ዋናውን አሳይታችሁ መልሱ።

ሌላው የገረመኝ ዘዴ እውነተኛ ማስታወቂያ መስረቅ ነው። ጋዜጣ ላይ ወይም ሰሌዳ ላይ የወጣ ትክክለኛ የሥራ ማስታወቂያ ፎቶ ይነሳል፣ ከታች ያለው ስልክ ብቻ ይቀየራል፣ ከዚያ በቴሌግራም ቻናል ይለቀቃል። ድርጅቱም እውነት፣ የሥራ መደቡም እውነት፣ ደመወዙም እውነት ነው። የሚደውሉት ግን ለሌባ ነው። ስለዚህ ማስታወቂያውን ሌላ ቦታም ፈልጉትና ስልኩን አስተያዩ። ኮምቦልቻ ከሆነ ደግሞ በሩ ድረስ ሄዳችሁ ጥበቃውን ጠይቁ። የደርሶ መልስ ሒሳብ ቢከፈልም ከሚጠየቀው «መመዝገቢያ» ያንሳል።

የተራድኦ ድርጅቶች ስምም እንዲሁ ነው። ከጦርነቱ ወዲህ መኪናቸው ከተማችን ውስጥ በዛ፣ እነሱ ጋ መቀጠር የማይመኝ የለም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በቅጥሩ በየትኛውም ደረጃ ክፍያ እንደማይጠይቅ ራሱ በሥራ ማስታወቂያው ላይ ይጽፋል። በስሙ ብር የሚጠይቅ ካለ ውሸቱን ነው፣ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም።

«ቤትህ ሆነህ ቪዲዮ ላይክ አድርግ፣ በቀን ይሄን ያህል ታገኛለህ» የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። መጀመሪያ ትንሽ ብር በእርግጥም ይልኩላችኋል፣ እንድታምኑ። ከዚያ «ደረጃ ለማሳደግ» እናንተ እንድታስገቡ ይጠየቃል። ስልኩ ላይ ቁጥሩ ያድጋል፣ ላውጣ ስትሉ ግን አይወጣም። ጓደኛ አስገቡ ስለሚባልም ከብሩ ጋር ጓደኛም ይጠፋል።

የውጭው ግን የበለጠ ያስፈራኛል። የወሎ ልጅ ወደ ዓረብ አገር መሄዱ አዲስ አይደለም፣ የማይልክ ቤት የለም። በ2008 የወጣው የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 የቪዛውንና የደርሶ መልስ ትኬቱን ወጪ የአሠሪው አድርጎታል። እንደ ፓስፖርትና የሕክምና ምርመራ ያለውን ደግሞ የሠራተኛው። ደላላው ግን ይሄን ገልብጦ የቪዛ እያለ ይቀበላል። በጉብኝት ቪዛ ሂጂና እዚያ ሥራ ይቀየርልሻል ካለ ደግሞ ነገሩ ከመጭበርበርም አለፈ ማለት ነው፤ እዚያ ስትደርስ ውልም የላት፣ የሚያውቃት መሥሪያ ቤትም የላት። ኤጀንሲው ፈቃድ እንዳለው ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ወይም እዚሁ ከተማ ያለው የሥራና ሥልጠና መሥሪያ ቤት ሄዶ መጠየቅ ነው። የሰፈር ሰው ስለሆነ ብቻ አይታመንም።

ዓረብ አገር ያልፈለገውን የተማረውን ልጅ ደግሞ በሌላ በኩል ይይዙታል። ታይላንድ ጥሩ የኮምፒውተር ሥራ አለ፣ እንግሊዝኛ ከቻልክ ይበቃል ይሉታል። ከዚያ ድንበር አሻግረው ማይናማር ውስጥ በታጠረ ግቢ ያስገቡትና ሌላ ሰው በኢንተርኔት እንዲያጭበረብር ያስገድዱታል። የሩቅ ወሬ እንዳይመስላችሁ። የካቲት 2017 ላይ ከእንዲህ ያሉ ግቢዎች ወጥተው ወደ ታይላንድ ከተሻገሩት 260 ሰዎች 138ቱ የኛው ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከግማሽ በላይ! ይሄን ዜና ለምን በየትምህርት ቤቱ አልተነገረም ብዬ እስካሁን ይገርመኛል።

አሁን ቅሬታዬን ልናገር። ሁሉንም በልጆቹ ላይ መጫን ልክ አይደለም። ቀጣሪዎችም ዝም ብለዋል። ስሙ ሲነገድበት እያወቀ በሩ ላይ አንድ ወረቀት «ለቅጥር ምንም ክፍያ አንቀበልም፣ ትክክለኛው ስልካችን ይህ ነው» ብሎ መለጠፍ ያቃተው ድርጅት ስንት አለ። ተፈትነው ያለፉትን ስም በግልጽ ቢለጥፉ፣ ያላለፉትም ለምን እንዳላለፉ ቢያውቁ «በውስጥ በኩል» የሚለው ሰው ገበያው ይቀዘቅዛል። ቅጥሩ በድብቅ ሲሆን ግን ማንም ተነስቶ እኔ ነኝ የማስገባው ቢል ውሸት ነው የሚያሰኝ ነገር የለንም።

እናንተ የጋዜጣው አዘጋጆችም ብትሆኑ የሥራ ማስታወቂያ ስትቀበሉ ንግድ ፈቃዱን እዩ፣ በተሰጣችሁ ስልክ ሳይሆን ድርጅቱ በሚታወቅበት ስልክ ደውላችሁ አረጋግጡ። ልጆቹ «ጋዜጣ ላይ ወጥቷል» ብለው ነው የሚያምኑት፣ ያን እምነት ሌባ እንዳይከራይበት።

ይሄን ሲያነብ ትናንት ብር ልኮ ዛሬ ስልኩ የተዘጋበት ልጅ ካለ፣ አትፈር። ወዲያው ባንክህ ጋ ደውል፣ ንግድ ባንክ ከሆነ 951፣ በቴሌብር ከሆነ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ነው፤ በቶሎ ከተደረሰበት ሒሳቡ ሊታገድ የሚችልበት ዕድል አለ። የላክበትን ደረሰኝ፣ ቁጥሩን፣ የወጣውን ስም፣ የተጻጻፋችሁትን ሁሉ ፎቶ አንሳው፤ ተናደህ ቻቱን አትሰርዘው፣ እሱ በሌላኛው በኩል ሊያጠፋው ስለሚችል ቀድመህ ያዘው። ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ ሂድና አስመዝግብ። ብቻህን ከሚከብድህ አብሮህ የተበላ ጓደኛ ካለ ይዘህ ሂድ፤ አንድ ስልክ ቁጥር ከሁለትና ከሦስት ሰው ሲቀርብ መርማሪውም በሌላ ዓይን ያየዋል።

አክባሪያችሁ
ከደሴ፣ ፒያሳ