ትንሿ የት ትማር?

ውድ እማዬ፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው ስንደዋወል ሐሳብ እንደገባሽ ከድምፅሽ ገብቶኛል። ትንሿን ሁለቱም ቦታ ተቀብለዋታል። የአንቺ ልብ ትልቁ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ላይ ነው፣ የእሷ ደግሞ ትንሹ የግል ኮሌጅ ላይ። «ታላቅ ወንድሟ ነህ፣ ምከራት» አልሽኝ። እኔ ግን መጀመሪያ ካንቺ ጋር ልነጋገር ብዬ ነው የጻፍኩልሽ።

እማዬ፣ ወደ ትንሹ ብትሄድ ይሻላታል ባይ ነኝ።

እኔ የተማርኩት ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ አልከፋኝም። አንደኛ ዓመት ላይ ግን አንድ አዳራሽ ውስጥ በመቶዎች ነበርን። ከኋላ የተቀመጠ ሰው ቀመሩን ገልብጦ ሳይጨርስ መምህሩ ሰሌዳውን ያጠፋዋል። ጥያቄ ያለው ሰው ረዳት መምህሩን ይጠብቃል። ረዳቱም ገና ማስተርሱን የሚማር ወጣት ነው፣ ጠረጴዛው ላይ ያልታረመ ወረቀት ተከምሯል። እኔ እጄን አውጥቼ የምጠይቅ ልጅ ስለነበርኩ ተወጣሁት። ትንሿን ግን ታውቂያታለሽ። ያልገባትን ሰው ፊት አትጠይቅም። ክፍሉ እስኪበተን ጠብቃ፣ ጠጋ ብላ ነው የምትጠይቀው። እዚያ አዳራሽ ውስጥ መምህሩ ጋ እስክትደርስ እሱ ወጥቶ ሄዷል። ሃያ ሰው ያለበት ክፍል ውስጥ ግን ዝም ያለችው ልጅ ትታያለች። ሁለት ቀን ብትቀር «የት ጠፋሽ?» የሚላት አለ።

«ስሙን ማን ያውቀዋል?» ብለሻል። ልክ ነሽ፣ ሥራ ሲፈለግ ስም ያግዛል። ግን ይህን ስሚ። ትንሿ የምትወደው ባዮሎጂ አይደል? ጄኒፈር ዳውድና የዘረመል መቁረጫ ዘዴ በማግኘት እ.ኤ.አ. በ2020 የኬሚስትሪ ኖቤል ከተሸለሙት ሁለት ሴቶች አንዷ ናት። የመጀመሪያ ዲግሪዋን የያዘችው ፖሞና ከሚባል ትንሽ የግል ኮሌጅ ነው። ከዶክትሬቷ በኋላ አብራው የተመራመረችው ቶማስ ቼክም የ1989 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸላሚ ነው። እሱም የተማረው ግሪኔል የሚባል ትንሽ ኮሌጅ ነው። ዳውድና ዛሬ የምታስተምረው በርክሌይ፣ ትልቅ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። ትንሿም ለማስተርሷ ትልቁን ቦታ ትደርስበታለች።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ትንሽ ኮሌጅ ያለው ዲፓርትመንት ጥቂት ነው። ነገ ሐሳቧን ቀይራ ምሕንድስና ብትል የምትዞርበት ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ከባዮሎጂ ሌላ ምን እንደሚስባት ጠይቂያት፣ ላንቺ አትደብቅም።

ሌላው የገንዘቡ ነገር ነው። ማስታወቂያው ላይ ያለው ክፍያ አያስደንግጥሽ። ስኮላርሺፑ ተቀንሶ፣ ማደሪያው ተጨምሮ የሚወጣውን ከሁለቱም በጽሑፍ ተቀበሉ። ስኮላርሺፑ እስከ መጨረሻው ዓመት ይቀጥል እንደሆነ፣ ውጤቷ ዝቅ ቢል ይቋረጥ እንደሆነም ጠይቁ። ብዙ ቤተሰብ ሁለተኛ ዓመት ላይ የሚደናገጠው እዚህ ጋ ነው። የቀረውን እኔ እሞላለሁ፣ እሱን ለኔ ተይልኝ።

ከሁሉ በፊት ግን ኮሌጁ ለዚያ ትምህርት ክፍል እውቅና ያለው መሆኑን ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት አረጋግጡ። ኮሌጁ ራሱ የሚያሳያችሁ ወረቀት ብቻ አይበቃም። እውቅናው ከሌለ እኔም ካንቺ ጋር ነኝ፣ ዩኒቨርሲቲው ትግባ። ካለ ግን እባክሽ እማዬ፣ እሺ በያት። ያላንቺ ምርቃት አትመዘገብም።

እሁድ እደውላለሁ።

የሚወድሽ ልጅሽ