ለደንበኞቻችን፦ የጠፋ የሚመስል የካሜራ ቅጂን ስለማግኘት

ጎንደር፣ የካቲት 2018 ዓ.ም.

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን በሙሉ

ከጥምቀት በዓል ወዲህ በፒያሳ፣ በማራኪና በአዘዞ ሱቅና መጋዘን ያላችሁ ደንበኞቻችን «ካሜራው በዚያ ሌሊት አልቀዳም» እያላችሁ ደጋግማችሁ ደውላችሁልናል። መሣሪያዎቹን ስናያቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ቅጂው በሃርድ ዲስኩ ላይ አለ፤ ያልተገኘው በሌላ ቀን ወይም በሌላ ሰዓት ስለተፈለገ ነው።

መቅጃው (ዲቪአር) የሚሠራው በፈረንጆች የቀን አቆጣጠር ሲሆን ዕለቱን የሚለውጠው በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። በዚህ ምክንያት በከተራ ሌሊት፣ ሕዝቡ ታቦታቱን አጅቦ ጥምቀተ ባሕሩ ዘንድ ባደረበት፣ 8 ሰዓት ገደማ ሱቁ ደጃፍ ላይ ምን እንደተደረገ ማየት የፈለገ ሰው፣ ከተራ ጥር 10 ነው ብሎ ጃንዋሪ 18 ላይ 02:00ን ቢከፍት የሚያየው ከዚያ በፊት የነበረውን ሌሊት ነው። መክፈት ያለበት ጃንዋሪ 19፣ 2026ን ነው። በአጭሩ፣ በቀን ሰዓት ላይ 6፣ በምሽት ሰዓት ላይ 18 ይደመራል፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋት ላለው ግን 6 ተቀንሶ ቀኑ በአንድ ይጨመራል።

አንዳንዶቻችሁ ይህን ስሌት ለመሸሽ የመቅጃውን ሰዓት በአገራችን አቆጣጠር ሞልታችሁታል። ይህን አንመክርም፤ ቅጂው ለፖሊስ በማስረጃነት ሲቀርብ በምስሉ ላይ የተጻፈው ሰዓት ጥያቄ ያስነሣልና።

ብዙዎቹ መቅጃዎች ከፋብሪካ የሚመጡት በቻይና የሰዓት ክልል፣ ማለትም በጂኤምቲ+8 ተሞልተው ስለሆነ፣ ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኙ ሰዓታቸው ከእኛ በ5 ሰዓት ይቀድማል፤ በእጅ ብታስተካክሉትም ከኔትወርኩ ሰዓት ሲወስድ ተመልሶ ይዛባል። መፍትሔው ሰዓቱን መነካካት ሳይሆን በሲስተም ማውጫ ውስጥ የሰዓት ክልሉን ጂኤምቲ+3 ማድረግ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቀኑ ወደ 2000 ወይም ወደ 1970 የሚመለስባችሁ ከሆነ ደግሞ በቦርዱ ላይ ያለችው ክብ የሳንቲም ባትሪ ደክማለች ማለት ነው፤ የዚያ ጊዜ ቅጂም የሚገኘው በዚያው በተሳሳተው ቀን ሥር ነው።

ሰዓቱ ተዛብቶ ስታገኙት ከማስተካከላችሁ በፊት በስልካችሁ የመቅጃውን ሰዓትና የስልካችሁን ሰዓት አጠገብ ለአጠገብ የሚያሳይ ፎቶ አንሡ። ልዩነቱ ካልታወቀ የቀድሞው ቅጂ ትክክለኛ ሰዓት በኋላ ላይ ሊረጋገጥ አይችልም። ከሁሉም በላይ አደራ የምንላችሁ፣ ቅጂ አጣሁ ብላችሁ ሃርድ ዲስኩን ፎርማት እንዳታደርጉ ነው፤ ያለውንም ታጠፉታላችሁ።

መዘግየትም ያስጠፋል። እያንዳንዳቸው በሰከንድ 2 ሜጋቢት የሚልኩ 4 ካሜራዎች ያለማቋረጥ ሲቀዱ በቀን 86 ጊጋባይት ያህል ስለሚፈጁ፣ 1 ቴራባይት ዲስክ የሚይዘው የ11 ቀን ገደማ ቅጂ ነው፤ ከዚያ በኋላ አዲሱ በአሮጌው ላይ ይቀዳል። ስለዚህ አንድ ነገር ሲያጋጥማችሁ ቅጂውን በዚያው ዕለት ወደ ፍላሽ አውጡት፤ ማውጣት ካቃታችሁ መቅጃውን ከመብራት ነቅላችሁ ጥሩን፤ መጥተን እናወጣላችኋለን።

ከሰላምታ ጋር

የካሜራ ተከላና ጥገና ክፍል