ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ

ይድረስ ለማልረሳህ ወዳጄ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ። ከአራት ዓመት ዝምታ በኋላ በምን እንደምጀምር ጨንቆኝ የእናቴን አጀማመር ተዋስኩ። እሷም ሰላም ብላሃለች። አሁንም «ያ ቀጭኑ ልጅ» ነው የምትልህ። ወፍሯል ብላት አታምነኝም።

የቪዲዮ ጌም ሐያሲውን ያህትዚ ክሮሾውን ታስታውሰዋለህ አይደል? ቢጫው መደብ፣ ባርኔጣ ያደረገው የክብሪት እንጨት የመሰለ ሰውዬ፣ ከጀርባ ደግሞ ትንፋሽ የማይወስደው እንግሊዛዊ። አምስት ደቂቃ ለምትሆን ቪዲዮ ኢንተርኔት ቤት ስንት ሰዓት እንደከፈልን! የፕሮግራሙ ስም ዜሮ ፓንክቹዌሽን ነበር፤ ነጠላ ሰረዝም አራት ነጥብም የለም እንደማለት። ሰውዬው ሲፈጥንብን አንተ ቪዲዮውን እያቆምክ ንግግሩን በደብተር ትገለብጣለህ። እኔ ደግሞ የጎደለውን ነጥብ እየጨመርኩ አርማለሁ። ደብተሩ አሁንም እኔ ጋ አለ። አንዱ ገጽ ላይ ሻይ ፈሶበታል። ያፈሰስከው አንተ ነህ።

ልብ ወለድ መጻፉን ያኔም ሰምተን ነበር። ሞግዎርልድ ይባላል፤ በኮሚክ የሚታወቀው የአሜሪካው ዳርክ ሆርስ በ2010 እ.ኤ.አ. ያሳተመው። በጊዜው ከየት አምጥተን እናነበዋለን? ባለፈው ወር የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ስትመጣ ሻንጣዋ ውስጥ ከትታ አመጣችልኝ። በሦስት ሌሊት ጨረስኩት።

ጂም የሚባል የአስማት ተማሪ በወጣትነቱ ይገደላል። ከ60 ዓመት በኋላ አንድ ጠንቋይ ከመቃብር ያስነሳዋል። ልጁ ግን ተነሥቶ መኖር አልፈለገም። ፍላጎቱ ሞቶ ማረፍ ብቻ ነው። ችግሩ፣ በዚያ ዓለም ማንም ሞቶ አይቀርም፤ የሞተው ሁሉ ይነሣል። ምክንያቱ ቆይቶ ይገለጣል፦ ዓለሙ የኦንላይን ጌም ነው። ጂም ደግሞ ተጫዋች እንኳ አይደለም፤ ኤንፒሲ ነው፣ ጌሙ ራሱ የሚያንቀሳቅሰው ገጸ ባሕርይ። መንገድ ዳር ቆሞ ሰይፍ የሚሸጥልህ፣ ባናገርከው ቁጥር ያችኑ አንዲት ዓረፍተ ነገር የሚደግምልህ ዓይነት ሰው። እኛ ገፍተነው የምናልፈው። ሲያሰኘን ደግሞ እየሳቅን የምንገድለው።

ስንቱን ጌም «ሰዎቹ ግዑዝ ናቸው» እያለ ሲያብጠለጥል የኖረ ሰው፣ ከእነዚያ ግዑዞች አንዱን ወስዶ ከ300 ገጽ በላይ ጻፈለት። ይሄ ነገር ገረመኝ። ሰውዬው ጌም ይጠላል ትለኝ ነበር፤ እኔም አምኜህ ነበር። የሚጠላ ሰው እንዲህ አያደርግም።

ከዚያ አንባቢዎቹ ምን እንዳሉ ማየት ጀመርኩ። መቼም አድናቂ ሲባል ታውቀዋለህ። አንዱ ገጹን ሁሉ በሰውዬው ድምፅ እያነበበ ሲስቅ አድሯል። ሌላው በዚሁ ድምፅ የተነሣ ተሰላችቷል፤ ሁሉም ገጸ ባሕርይ የሚያወራው እንደ ያህትዚ ነው ይላል። (ይሄኛው ትንሽ እውነት አለው። መሃሉም ይንዛዛል።) አምስት ደቂቃ በሳቅ የገደላቸው ሰው መጽሐፍ ሙሉ ያስቀናል ብለው ጠብቀው፣ መጨረሻው ላይ ልባቸው ሲከብድ ግራ የተጋቡም አሉ። አሽሟጣጮቹማ አይቀሩም፦ የሰው ሥራ ሲያብጠለጥል ኖሮ እስቲ አሁን እሱም ይቅመሳት! እነዚህ ሰዎች ሰውዬው ቀድሞም ቀምሷት እንደነበር ረስተዋል። ገና በ20 ዓመቱ ለብቻው ጌም ሠርቶ በነጻ ሲያድል የነበረ ሰው ነው። ኦዲዮ መጽሐፉንም ያነበበው ራሱ ነው። አዳምጠው፤ ሰውዬው ለካ ትንፋሽ ይወስዳል!

ደግሞ በዚህ አላቆመም። በ2012 እ.ኤ.አ. ሰው የሚበላ የእንጆሪ ማርማላታ ብሪዝበን ከተማን የሚያጥለቀልቅበት መጽሐፍ አወጣ። ጃም ይባላል፤ አልቀለድኩም። ከዚያም ወደ ጠፈር ወጣ። በ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ የአለቃቸውን መባረር ተከትሎ ከባልደረቦቹ ጋር ዜሮ ፓንክቹዌሽንን ከሚያወጣው ድርጅት ሲለቅ፣ 16 ዓመት የሠራበት የፕሮግራሙ ስም ለድርጅቱ ቀረ። እሱም በሌላ ስም ቀጠለ። መጽሐፎቹ ግን የራሱ ናቸው።

ይሄን ሁሉ የማወራው ዋናውን ነገር ለመሸሽ እንደሆነ ሳይገባህ አይቀርም።

ያኔ የልብ ወለድህን አራት ምዕራፍ በቴሌግራም ስትልክልኝ የ17 ደቂቃ ቮይስ ላክሁልህ። በያህትዚ ሙድ። ትንፋሽ ሳልወስድ፣ ምሳሌ በምሳሌ ላይ እየደራረብኩ። እየቀዳሁ ራሴን ያስቀኝ ነበር። ሁለቷ ምልክት መጣች፤ አይተኸዋል። ከዚያ በኋላ ዝም። እኔም «ሂስ የማይችል ሰው ለምን ይጽፋል?» ብዬ ተኮፈስኩ።

ባለፈው ሰሞን ያንን ቮይስ ፈልጌ አዳመጥኩት። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ዘጋሁት። ወንድሜ፣ ይቅርታ አድርግልኝ።

ምዕራፍ አራትህ ውስጥ አንድ ልጅ አለ። ፕሌስቴሽን ቤቱ በር ላይ ቆሞ ሌሎቹ ሲጫወቱ ያያል። ሳንቲም የለውም። አይናገርም። እጁ ላይ የዳቦ ፌስታል አንጠልጥሏል። አንድ ሰው «ና ግባ» ይለዋል፤ ጆይስቲኩን ይሰጠዋል። ልጁ ፌስታሉን ጉልበቱ መሃል አጥብቆ ይይዝና ይጫወታል። እኔ ምን አልኩ? «ይሄ ልጅ ለምን ተፈጠረ? ታሪኩን የት ያደርሰዋል? ጌም ቢሆን ኤንፒሲ ነው፣ አጥፋው!» ዳቦው ላይም ሙድ ያዝኩ።

ጂምን ካነበብኩ በኋላ ምዕራፉን አውጥቼ ድጋሚ አየሁት። ልጁ ክርኑ ላይ በሌላ ቀለም ክር የተጣፈ ሹራብ ለብሷል። ሰማያዊ ሹራብ፣ ቡናማ ክር። የዚያን ቀን እንዴት አላየሁትም?

ያንን ሹራብ የጣፈችው እናቴ ናት። ለዳቦ ተልኬ ነበር። ሳንቲሙን የከፈልከው አንተ ነህ። ቤት ስገባ መሽቶ ነበር፤ ስለ ዳቦው መድረቅ የተባልኩትን እዚህ አልጽፈውም።

ምዕራፍ አምስት ካለህ ላክልኝ። ልጁ ዳቦውን ይዞ ቤት ሲደርስ ምን እንዳልከው ማወቅ እፈልጋለሁ። ቮይስ አልልክም፤ በጽሑፍ ነው የምመልስልህ፣ በየቦታው አራት ነጥብ እያደረግሁ።

ያው ወዳጅህ
ከአዲስ አበባ