ሩቱን በስሙ ጥራው

ይድረስ ለውድ ወዳጄ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ደህና ነኝ። ይህን ያህል ተጠፋፍተን ከርመን የመጀመሪያው ጥያቄህ ስለ ዲስክ መሆኑ አሳቀኝ፤ አለመለወጥህንም አረጋገጠልኝ።

በውጫዊ ዲስክ ይዘኸው የምትዞረው ዴቢያን (የሊኑክስ ሥርዓትህ) ቤት በሰላም እየተነሣ፣ ቢሮ ሲደርስ «ኤስዲቢ2 የለም» ብሎ ጥቁር ስክሪን ላይ ይጥልሃል። ዲስኩ አልተበላሸም። የቤትህ ኮምፒውተር የሳታ ዲስክ ስላለው ከርነሉ (የሥርዓቱ እምብርት) እሱን ኤስዲኤ፣ በዩኤስቢ የሰካኸውን ደግሞ ኤስዲቢ ይለዋል። የቢሮው ዲስክ ኤንቪኤምኢ የተባለው ሌላ ዓይነት ነው፤ የስም አወጣጡ ለብቻው ስለሆነ እዚያ ያንተ ዲስክ ኤስዲኤ ይሆናል። አንተ ግን ሩቱን፣ ማለትም ሥርዓቱ የሚገኝበትን የዲስክ ክፍልፍል፣ ኤስዲቢ2 ላይ ፈልግ ብለህ ጽፈህለታል። ሰውን ሰልፍ ላይ በቆመበት ተራ እንደ መጥራት ነው፤ ሰልፉ ሲቀየር ሌላ ሰው «አቤት» ይላል።

በስሙ ጥራው። ቢኤልኬአይዲ የተባለው ትእዛዝ የእያንዳንዱን ክፍልፍል ዩዩአይዲ፣ ማለትም የራሱን መለያ፣ ያሳይሃል። ሰረዞቹን ጨምሮ 36 ምልክት ነው፤ የሚቀመጠው በራሱ በፋይል ሥርዓቱ ውስጥ ስለሆነ የትም ብትሰካው አብሮት ይሄዳል። ይህን የማስነሻው ፕሮግራም ግራብ ለከርነሉ በሚያቀብለው የሩት መስመር ላይም፣ ክፍልፍሎቹ በሚዘረዘሩበት የኤፍኤስታብ ፋይልም አስገባ። ብዙ ሰው ኤፍኤስታብን ብቻ አስተካክሎ ለምን እንዳልሠራለት ግራ ይገባዋል። ኤፍኤስታብ ያለው እኮ ሩቱ ላይ ነው፤ ሩቱ ሳይገኝ ማን ያነበዋል?

ዩዩአይዲውን ፈልጎ የሚያገኘው ኢኒትራምኤፍኤስ (ከሩቱ በፊት የሚጫነው ትንሽ ጊዜያዊ ሥርዓት) እንጂ ከርነሉ ራሱ አይደለም። ያለ ኢኒትራምኤፍኤስ የምታስነሣ ከሆነ ከርነሉ የሚያውቀው ፓርትዩዩአይዲን (በዲስኩ የክፍልፍል ሠንጠረዥ ላይ የተጻፈውን መለያ) ነው። በኢኒትራምኤፍኤስ ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ ደግሞ «ሞጁልስ» የሚለው መስመር «ሞስት» መሆኑን እይ፤ «ዴፕ» ከሆነ የሚጭነው የተሠራበትን ኮምፒውተር ድራይቨሮች ብቻ ነው፣ ባዕድ ቤት ገብቶ ዲስክህን ላያየው ይችላል። ከቀየርከው ኢኒትራምኤፍኤሱን እንደገና መሥራትህን አትርሳ።

በነገራችን ላይ ኔትቢኤስዲ የተባለው ሌላ ሥርዓት ይህን ጣጣ በአንድ ቃል ጨርሶታል፦ ኤፍኤስታብ ውስጥ ከዲስኩ ስም ይልቅ «ሩት» ብለህ ነጥብና የክፍልፍሉን ፊደል ብትጽፍ፣ ሥርዓቱ የተነሣበትን ዲስክ ስም ራሱ ይተካበታል። ሊኑክስ ይህን ባለመውሰዱ ሁልጊዜ ይቆጨኛል።

የቤትህን ኮምፒውተር ስዋፕ (በዲስክ ላይ ያለውን ተጨማሪ ሜሞሪ) ከኤፍኤስታብ አውጣው፤ አለዚያ ቢሮ ስትደርስ አገልግሎቶችን የሚያስነሣው ሲስተምዲ የሌለ ዲስክ 90 ሰከንድ ቆሞ ይጠብቃል። መጠባበቂያ ቅጂ ስትሠራ ደግሞ ዲስክን እንዳለ የሚገለብጠው ዲዲ ዩዩአይዲውንም አብሮ እንደሚገለብጥ አስብ። ሁለቱን አንድ ላይ ከሰካህ የትኛው ሩት እንደሚሆን ዋስትና የለህም። ፋይል ሥርዓቱ ኢኤክስቲ4 ከሆነ ለቅጂው በቲዩንቱኤፍኤስ ትእዛዝ አዲስ ዩዩአይዲ ስጠው፤ በቅጂው ላይ ያሉትን የግራብና የኤፍኤስታብ መስመሮችም በዚያው ልክ ቀይር።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ቢሮ እንደገና ጥቁሩ ስክሪን ላይ ከጣለህ እዚያው ቢኤልኬአይዲ ብለህ ጻፍ። ካልታየ ድራይቨር ጎድሎታል፤ ከታየ ችግሩ የሩት መስመሩ ላይ ነው ወይም ዩኤስቢው ዘግይቶበታል፣ ለዚህኛው ግራብ በሚያቀብለው መስመር ላይ «ሩትዲሌይ» (ሩቱን የመጠበቂያ ሰከንድ) 60 ብትጨምርለት ሊበቃው ይችላል። ያየኸውን ጻፍልኝ፤ በዚያውም ስለ ራስህ ሁለት መስመር ጨምርበት።

ወዳጅህ