ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ለለኩልን ልጆች፣ ለረዱንም ሁሉ

ከደምበጫ ወጣ ባለ ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምራለሁ። ይህ ምስጋና ዘግይቷል፤ መስከረም ላይ መምህር ፋታ የለውም።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ የዳንግላ ገበሬዎች ሥራ ነው። እዚያ ዳንግሽታ ቀበሌ፣ እ.ኤ.አ. በ2014፣ ነዋሪዎች ከተመራማሪዎች ጋር ሆነው ዝናብ፣ የወንዝና የጉድጓድ ውሃ መለካት ጀመሩ። ከመደበኛው መረጃ ጋር ሲተያይ ልኬታቸው የሚታመን ሆነ። ይህን ሳነብ «የእኔ ሰባተኛ ክፍሎች ምን ያንሳቸዋል?» አልኩ።

መለኪያችን ጎኑ ቀጥ ያለ ሃይላንድ ነው። አንገቱ ተቆርጦ፣ ተገልብጦ እንደ ማጥለያ አፉ ላይ ይገባል። ታቹ ወጣ ገባ ስለሆነ ጠጠር ተደርጎበት እስከ ዜሮው መስመር ውሃ ይሞላል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በ1 ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። ልጆቹ ግን በጆግ አፍስሰን እስክናሳያቸው አላመኑም።

ጣጣው ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ይዘጋል፤ ዋናው ዝናብ ደግሞ ያኔ ነው። ተረኛው ልጅ በየጠዋቱ 3 ሰዓት ጭቃውን እየረገጠ መጣ። ጋሼ፣ የግቢያችን ጥበቃ፣ በር ለመክፈት አንድም ቀን አልሰለቹም፤ ክብረት ይስጥልኝ። እናቶች፣ በአረም ወቅት ልጅ መልቀቅ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ እግዜር ይስጥልን። ጎረቤታችን፣ ፍየልዎ ጠርሙሳችንን ደፍታብናለች። በማግስቱ እሾህ ቆርጠው ስላጠሩልን ግን ቂም የለንም።

የዚያን ቀን ተረኛዋን ልጅ ለብቻዋ ማመስገን አለብኝ። ጓደኞቿ «የትናንቱን ድገሚው፣ ማን ያውቃል?» አሏት። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ የመዝገቡ ባዶ ሳጥን ቀፎኝ «ገምቺ» ልላት ምንም አልቀረኝም። እሷ «ተደፍቷል፣ አልተለካም» ብላ ጻፈች። ዜሮም አላደረገችውም። ዜሮ ማለት አልዘነበም ማለት ነዋ! ቆርቆሮው ደግሞ ሌሊቱን ሲንጫጫ ነው ያደረው።

በኋላ መዝገቡን የጠየቀን አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መጀመሪያ ያገላበጠው የጎደሉ ቀኖችን ፍለጋ ነበር። እሷ የጻፈችውን መስመር አይቶ ሳቀ፤ ከዚያ ቁጭ ብሎ ሁሉንም ገለበጠ።

ሰኔ ላይ ጠርሙሱን እንተክላለን። ጋሼ፣ ቁልፉን አያርቁት።