እመጣለሁ ብለህ አትቅር

የኔ ጌታ፣ እንዴት ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ብርዱ ሲገባ ጉልበቴ ያስቸግረኛል እንጂ ሌላው ሰላም ነው።

በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር። ግን "እሺ እማዬ፣ እሺ እማዬ" ብለህ ትዘጋዋለህ። ስለዚህ ጻፍኩልህ። ብቻህን ቁጭ ብለህ አንብበው።

ባለፈው ሰኞ ልጅህ ሚጡ ጫማዋን አድርጋ ስትጠብቅህ ዋለች አሉ። ማን ነገረሽ እንዳትለኝ። ምራቴ አይደለችም፤ እሷ ስላንተ ክፉ ተናግራ አታውቅም። ጊታር ይዘህ የምትዞረው ከሐሙስ እስከ እሑድ እንደሆነ አውቃለሁ። ሰኞ ጠዋት አውቶብሱ ናሽቪል ያወርዳችኋል። ታዲያ ሰኞ የት ነበርክ? ያየህ ሰው አለ። ብርጭቆ ይዘህ ነው ያየህ። እመጣለሁ ብለህ አትቅር ልጄ። ወይ አልመጣም በላት፣ ወይ ና።

የዚያን ቀን ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ "ክሬዚ ሃርት" የሚባለውን የጄፍ ብሪጅስ ፊልም ከፈትኩት። "ጊታሩን ስሚልኝ" ብለህ ያስጀመርከኝ አንተ ነበርክ፤ ያኔ ወጥ ጥጄ ስለነበር አልጨረስኩትም። አሁን ጨረስኩት። ባድ ብሌክ የሚሉት የ57 ዓመት የካንትሪ ዘፋኝ በአሮጌ መኪናው ከከተማ ከተማ ይዞራል። ድሮ ስሙ የገነነ ሰው ዛሬ ቦውሊንግ ቤት ውስጥ ይዘፍናል። ሳንታ ፌ ላይ ጂን የምትባል ጋዜጠኛ ልታነጋግረው መጣች፤ በዚያው ተዋደዱ። እሷ የ4 ዓመት ልጅ አላት።

ሰው የፍቅር ፊልም ነው ይላል። ነው፤ ፍቅሩም ያምራል። የኔ ዓይን ግን ከሕፃኑ አልነቀል አለ። ሂውስተን ላይ ሰውየው ልጁን ይዞ ገበያ አዳራሽ ወጣ። አንዴ ልቅመስ ብሎ ባር ጎራ አለ። ዘወር ሲል ልጁ የለም። ኋላ ተገኘ፣ ተመስገን። እናቱ ግን በቃኝ አለች። መጠጡን ትቶ፣ ድኖ ሄዶ ቢለምናትም አልተመለሰችለትም። ደግ አደረገች! ፊልሙ እሷን መልሶ ስላልሰጠው ወደድኩት።

የራሱን ልጅ ለመጨረሻ ጊዜ ያየው በ4 ዓመቱ ነው። 28 ዓመት ሲሆነው ደወለለት። ምን ይበለው ልጁ? ሚጡም እኮ ለጥምቀት 4 ዓመቷ ነው። እዚህ ላይ ፊልሙን አቁሜ ተነሳሁ።

ዘፈን የሚገኘው መንገድ ላይ ነው ትለኛለህ። ያ ኦስካር ያገኘው የፊልሙ ዘፈን፣ "ዘ ዊሪ ካይንድ"፣ የት ተጀመረ? ባድ ብሌክ መሪ ላይ እንቅልፍ ጥሎት፣ ከመንገድ ወጥቶ፣ ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮ ጂን ቤት በተኛበት ነው። ልጅ በሚጫወትበት ቤት ውስጥ። ደግመህ እየው።

አጎትህን አንተ የምታውቀው ታሞ ከመጣ በኋላ ነው። በወጣትነቱ ከአንድ የኪነት ቡድን ጋር ትራምፔት ይነፋ ነበር። ሲነፋ ደሴ ጸጥ ትል ነበር። ሚስቱ ስትሞት ልጅቷን እኛ ቤት አመጣት። "ለፋሲካ እመጣለሁ" ብሎ በሹፌር ይልካል። እሷ ፀጉሯን ተሠርታ መናኸሪያ ትወርዳለች። እኔ ነበርኩ እጇን ይዤ የምወስዳት። የመጨረሻው አውቶብስ እስኪገባ እንቆማለን። ስንመለስ አታለቅስም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። አንድ ፋሲካ "ዛሬ አልሄድም፣ አንቺ ሂጂ" አለችኝና ቡና መቁላት ጀመረች። ያን ቀን መጣ! ስኳርና ጨርቅ ይዞ። እሷ ቡናውን ቀድታለት ወደ ጓሮ ወጣች።

ታሞ ሲመጣ ያስታመመችው እሷ ናት። አጠበችው፣ አጎረሰችው። ግን ትራምፔቱን ከሳጥኑ ሲያወጣ ከክፍሉ ትወጣለች። አንድም ቀን ተቀምጣ አልሰማችውም። እሱም ያውቃል። ዓይኑ በሩን ሲከተል አይቼዋለሁ። ወንድሜ ነው፣ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ጊታርህን ተው አላልኩም። ስትጫወት ደስ ይለኛል፤ ለጎረቤቱ ሁሉ ቪዲዮህን አሳያለሁ። እመጣለሁ ብለህ አትቅር ነው ያልኩት።

አሁን ስማኝ። ሰኞ ከአውቶብስ እንደወረድክ መኪና እንዳትይዝ፤ ሌሊቱን ሳትተኛ ነው የምታድረው። ኡበር ጥራ፣ እኔ እከፍላለሁ። ሚጡ ከመዋዕለ ሕፃናት የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ነው፤ አንተ 8 ሰዓት ላይ በር ላይ ቁም። አሻንጉሊት አትግዛላት፣ ቤቱ ሞልቷል። ባር አጠገብ ምሳ እንዳትበላ። ያቺን መድኃኒት ሐኪሙ እንዳዘዘህ ትወስዳለህ? በርበሬና ሽሮ በዘመድ ልኬልሃለሁ፤ ሽሮው ለምራቴ ነው፣ አትንካባት።

ሰኞ ማታ ደውልልኝ። አንተ አታውራ፣ ስልኩን ለሚጡ ስጣት። የት የት እንደዋላችሁ እሷን እጠይቃታለሁ።

እናትህ